የኤን ፒ አር መሪ ወደ ቀኝ በደንብ አይታጠፍም፤ ድራግ ሊንኩ ተቆርጦ የተበየደ ይመስላል

የደብረ ብርሃን ጫኝ

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. የተመረተ አይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና አለኝ፤ ሞተሩ ባለ 3.9 ሊትሩ ፎር ቢ ዲ ዋን ሲሆን ከእኔ በፊት ሦስት ባለቤቶች ነድተውታል። ከሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት እየጫንኩ፣ በደብረ ሲና አድርጌ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቼ ደብረ ብርሃን አራግፋለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው በዚያ ኩርባ ላይ መሪ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ስነዳ መሪው አራት ጣት ያህል ባዶውን ይዞራል። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፤ ወደ ቀኝ ግን ሌላው ኤን ፒ አር በአንድ ጊዜ የሚዞረውን ቦታ እኔ ወደ ኋላ መልሼ ካልሆነ በቀር አልጨርሰውም። ከሁሉ ይበልጥ ያስጨነቀኝ ደግሞ፣ ወደ ግራ መታጠፍ ስጀምር ሦስት ሩብ ዙር ገደማ ላይ መሪው ጠበቅ ብሎ ይይዘኝና ያንን ነጥብ ሲያልፍ እንደገና መልቀቁ ነው። ኩርባውን ጨርሼ እጄን ሳላላም በራሱ አይመለስም። አንድ ጋራዥ ባዶ መዞሩን ላጥፋልህ ብሎ በመሪ ሳጥኑ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ በሚያስተላልፈው የጥርስ ሳጥን) ላይ ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን አጥብቆልኝ ነበር፤ መያዙ የባሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ትናንት ከሥር ገብቼ ከመሪ ሳጥኑ ወደ ግራ እግር (የፊት ጎማው ወደ ተያያዘበት ክፍል) የሚሄደውን ዘንግ፣ ማለትም ድራግ ሊንኩን፣ በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት። ከጥቁሩ ቀለም ሥር፣ መሐሉ ላይ፣ ዙሪያውን የተበየደ ወፍራም ቀለበት ወጣ። በእግሩ በኩል ያለው ቴስቲናም (ጫፉ ላይ ያለው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ከሌላኛው ጫፍ ጋር አይመሳሰልም፤ ቀጠን ያለ ነው። ይህ ዕቃ መጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበረ እንዴት ላውቅ እችላለሁ? በምንስ ልተካው?

የሐዋሳ መካኒክ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መኪናውን አቁመው። ጭነት ተቀብለህም ከሆነ በሌላ መኪና ይሂድልህ። ድራግ ሊንክ ሲበጠስ መሪው በእጅህ እየዞረ ጎማዎቹ ግን የማይሰሙህ ይሆናሉ፤ ፍሬን ከመያዝ በቀር የምታደርገው ነገር አይኖርም።

መኪናው ቆሞ ሳለ ሦስት ነገሮች ለካልኝ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርገህ ድራግ ሊንኩን ከፒትማን አርሙ (ከሳጥኑ ዘንግ ወጥቶ ድራግ ሊንኩን ከሚገፋውና ከሚስበው ክንድ) አላቀው፤ መሪውን ከዚያ ቦታ ተነሥተህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ስንት ስንት ዙር እንደሚዞር ቁጠር። ቀስ ብለህ አዙረው፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ አታስገድደው። ቀጥሎ በግራም በቀኝም ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት ለካ። በመጨረሻ እዚያው አካባቢ የአንተ ዓይነት ሻንሲ ያለው፣ መሪው ያልተነካ ኤን ፒ አር ፈልገህ፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ የእርሱን ድራግ ሊንክ ከኳስ መሐል እስከ ኳስ መሐል ለካ። አንድ ብቻ አትለካ፤ እርሱም የተነካ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ይሁን።

ካቢኑን ገልብጠህ ደግሞ በፒትማን አርሙና በሳጥኑ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን የመግጠሚያ ምልክት ተመልከት። ሁለቱ ጭረቶች ይገጥማሉ ወይስ አይገጥሙም?

ስምንት ዓመት የነዳሁ

ለባለ ጥያቄው ድንጋጤ መጨመር ተገቢ አይመስለኝም። የእኔ መኪና ታይሮድ (ሁለቱን የፊት እግሮች የሚያገናኘው ዘንግ) ከውጭ ቧንቧ ለብሶ ከተበየደ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል፣ አሸዋ ይጭናል፣ ብየዳው ግን አንድም ቀን አልተንቀሳቀሰም። ብየዳውን የሠራው እጁ የታወቀ ባለሙያ ነው። አዲስ ዕቃ ውድ ነው፤ ቅጂው ደግሞ አንዳንዴ ከተበየደው ኦርጅናል ያነሰ ነው። ብየዳው ጥሩ ከሆነ ለምን ይጣላል?

ቶርኖ ቤት

የወንድማችንን ልምድ አከብራለሁ፤ ቅጂ ዕቃ ሁሉ አይታመንም ማለቱም ትክክል ነው። ነገር ግን እኔ 22 ዓመት በቶርኖና በብየዳ ስለኖርኩ፣ ይህን ሥራ አምጥተው ሲሰጡኝ የማልቀበልበትን ምክንያት በዝርዝር ልናገር።

እንደነዚህ ያሉ የመሪ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ እስከ 0.4 በመቶ ገደማ የሚደርስ ካርቦን ካለው ብረት የሚሠሩ ናቸው። ለበርና ለመስኮት የምንበይደው ብረት ከዚህ በጣም ያነሰ ካርቦን ስላለው በማንኛውም ኤሌክትሮድ ተበይዶ በአየር ላይ ቢቀዘቅዝ አይጎዳም። ካርቦን የበዛበት ግን አስቀድሞ ካልሞቀና ከተበየደ በኋላ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ፣ ከብየዳው ጎን ያለው ስስ ቦታ እንደ መስታወት ይደርቃል። ብየዳው ራሱ አይበጠስም፤ የሚበጠሰው ጎኑ ነው። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ፣ ዕቃው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ ሊፈጠር ይችላል።

አንድ ጊዜ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ታይሮድ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። የተበጠሰበት ፊት ሁለት ቀለም ነበረው። ከአንድ ጠርዝ ተነሥቶ እንደ ግማሽ ጨረቃ እየሰፋ የሄደው ክፍል ቡናማና ለስላሳ ነበር፤ በላዩም የዛፍ ግንድ ቀለበት የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩበት። የቀረው፣ ከጠቅላላው ሲሶ እንኳ የማይሞላው፣ ትኩስና የሚያብረቀርቅ ነበር። ቡናማው ለወራት ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው ነው፤ የሚያብረቀርቀው በዚያች አንድ ቅጽበት የተበጠሰው ነው። ሾፌሩ በእነዚያ ወራት ሁሉ ስለ ታይሮዱ «አንድም ቀን አልተንቀሳቀሰም» ይል ነበር።

በቤት ሊደረግ የሚችል ፍተሻ አለ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀው ብየዳውን በነጭ ጋዝ ለሰዓት ያህል ያርሱት፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ጠርገው የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ወደ ጠመኔው እየወጣ ጥቁር ቀጭን መስመር ያሳያል።

የደብረ ብርሃን ጫኝ

መኪናውን አቁሜያለሁ። ልኬቶቹ እነሆ።

ድራግ ሊንኩ ተላቅቆ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ዙር ተኩል ይዞራል። ጎማዎቹ ቀጥ ካሉበት ቦታ ተነሥቶ ግን ወደ ግራ ሦስት ዙር ተኩል፣ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ብቻ ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት በሁለቱም ጎን እኩል ነው፤ ከጎረቤት መኪናዎችም ጋር አንድ ነው። የሁለቱ ጎረቤቶች ድራግ ሊንክ በርዝመት እርስ በርሱ እኩል ሲሆን የእኔ ከሁለቱም በ38 ሚሊሜትር ያጥራል። ደጋግሜ ለካሁት።

የፒትማን አርሙ ምልክት ይገጥማል። ነገር ግን የመሪውን መሐል ክዳን ሳነሳው መሪው ከዘንጉ ላይ ወጥቶ እንደገና የተገጠመ መሆኑ ይታያል፤ ዳዶው ጠርዙ ተላልጧል።

ሌላም ነገር አለ። የቀጭኑ ቴስቲና ፒን ከእግሩ አርም (ጎማውን ከሚያዞረው ክንድ) ቀዳዳ ሲወጣ ስስ የነሐስ ቆርቆሮ ተጠቅልሎበት ወጣ። ፒኑ ለቀዳዳው ስላነሰ ያንን አልብሰው አጥብቀውታል።

የሐዋሳ መካኒክ

እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ልኬትህ ታሪኩን ሁሉ ይናገራል።

አምስት ዙር ተኩል ለሁለት ሲካፈል ሁለት ዙር ከሦስት ሩብ ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ሲሉ ሳጥኑም በዚህ ነጥብ ላይ መሆን ሲገባው፣ ያንተ በሦስት ሩብ ዙር ከመሐሉ ወጥቷል። የሳጥኑን ሬሾ ወደ 20 ለ 1 ብንወስድ፣ የመሪው 270 ዲግሪ በፒትማን አርሙ ላይ 13.5 ዲግሪ ይሆናል። ፒትማን አርምህ ከዘንጉ መሐል እስከ ኳሱ መሐል 16 ሴንቲሜትር ገደማ ቢሆን፣ የኳሱ ጉዞ ወደ 38 ሚሊሜትር ይጠጋል። ከድራግ ሊንኩ የጎደለው ማለት ነው።

ምልክቶችህም ከዚህ ይመነጫሉ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥርስ የተሠራው መሐሉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ ላላ ብሎ ነው፤ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለሆነ መሐሉ ባዶውን እንዳይዞር ነው የታሰበው። ያንተ መኪና ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሳጥኑ የላላው ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን ይዞራል። ማስተካከያዋ ቡሎን ስትጠበቅ የላላው ቦታ ትንሽ ተሻለ፤ እውነተኛው መሐል ግን ከመጠን በላይ ጠበቀ። መሪውን ወደ ግራ ሦስት ሩብ ዙር ስታዞር የሚይዝህ እርሱ ነው፤ በዚያ ቦታ እየተፋጨ ያለው የሳጥኑ ጥርስ ነው። ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ብቻ ስለቀረህ ደግሞ የእግሩ ማስቆሚያ ቡሎን ከመድረሱ በፊት ሳጥኑ ራሱ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ድራግ ሊንኩ ካጠረ በኋላ የመሪው ክብ ተጣምሞ ስለታያቸው ነቅለው ቀጥ አድርገው ገጥመውታል፤ ዓይን ተታለለ እንጂ ሳጥኑ አልተስተካከለም።

አሁን የሚቀረኝ ጥያቄ ለምን አሳጠሩት የሚለው ነው። ሰው ያለ ምክንያት ድራግ ሊንክ ቆርጦ አይበይድም። ምክንያቱ አሁንም መኪናው ላይ ካለ፣ ትክክለኛውን ዕቃ ብትገጥም ሌላ ችግር ይወጣል። አክስሉ ቦታው ላይ መሆኑን ልኬትህ አሳይቷል፤ የቀድሞ ባለቤቶችን ማግኘት ብትችል ግን መልካም ነው።

ባለ አሥራ ስምንት ጎማ

እኔ በቨርጂኒያ የምኖር የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። በዚህ አገር በመንገድ ዳር ፍተሻ ወቅት በድራግ ሊንክ ወይም በታይሮድ ላይ የብየዳ ጥገና በግልጽ ከታየ መኪናው እዚያው እንዲቆም ይደረጋል፤ ብየዳው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ተብሎ አይጠየቅም። መጀመሪያ ስሰማው ጥብቅነቱ ገርሞኝ ነበር፤ የቶርኖ ቤትን ጽሑፍ ሳነብ ምክንያቱ ይበልጥ ገባኝ።

የደብረ ብርሃን ጫኝ

በሁለተኛው ባለቤት ዘመን ረዳት የነበረ ሰው ደብረ ሲና አገኘሁ። እንደ ነገረኝ ከሆነ፣ የፊት ባሌስትራዎቹ (አክስሉን የሚሸከሙት የብረት ቅጠሎች) ሲሰበሩ በእነርሱ ፋንታ ከሌላ ሞዴል የወጡ ያገለገሉ ባሌስትራዎች ተገጠሙ። የእነዚያ የመሐል ቡሎን ቀዳዳ ከትክክለኛው ቦታ ፈቀቅ ያለ ስለነበር አክስሉ በሙሉ ወደ ፊት፣ ወደ መሪ ሳጥኑ ተጠጋ። ያን ጊዜ ድራግ ሊንኩ ረዘመባቸውና ቆርጠው በየዱት። ከዓመት በኋላ ሦስተኛው ባለቤት ትክክለኛውን ባሌስትራ አስገጥሞ አክስሉን ወደ ቦታው መለሰ፤ ድራግ ሊንኩን ግን የነካው የለም። መሪው ጠመመ ሲባል የመሪውን ክብ ነቅለው አዞሩት።

የሐዋሳ መካኒክ

አሁን ነገሩ ተዘጋ። እንግዲህ ወደ ዕቃ ግዥ ስትሄድ አሮጌውን ድራግ ሊንክ «እንደዚህ ያለ ስጡኝ» ብለህ አትውሰድ። እርሱ የፋብሪካ ዕቃ አይደለም፤ የአንድ ስህተት ልክ ነው። ይዘህ የምትሄደው የሻንሲ ቁጥርህን፣ ከሁለቱ ጎረቤት መኪናዎች የወሰድከውን ርዝመትና የእግሩን አርም ራሱን ነው። አርሙን ፈትተህ ውሰደው፤ ያ የነሐስ ቆርቆሮ ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደነበር ስለማናውቅ ቀዳዳው በልቶ ሊሆን ይችላል።

ሶማሌ ተራ ዕቃ ቤት

በዚህ ላይ ልጨምር። ደንበኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የፒኑን ውፍረትና የጥርሱን ዓይነት ነው፤ ሹለቱን (ፒኑ ወደ ጫፉ ሲሄድ የሚቀጥንበትን መጠን) የሚያይ ጥቂት ነው። በብዛት የሚገኙት የፒን ሹለቶች 1 በ8 እና 1 በ10 ናቸው። በ20 ሚሊሜትር ርዝመት ውስጥ የመጀመሪያው ፒን በ2.5 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው በ2 ሚሊሜትር ይቀጥናል። የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ናት፤ በእጅ አትታወቅም፤ ዳዶው ሲጠብቅም ልክ የገጠመ ይመስላል። ነገር ግን ፒኑ ቀዳዳውን የሚነካው በአንድ ጠባብ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ቀን በቀን ይወዛወዛል፤ ቀዳዳውንም ይበላዋል።

መለያው ቀላል ነው። በአዲሱ ፒን ላይ ከላይ እስከ ታች በማርከር አራት መስመር ያስምሩ፤ ንጹሕ ቀዳዳ ውስጥ ከትተው ጫን እያሉ ትንሽ ያዙሩትና ያውጡት። መስመሮቹ በሙሉ ርዝመታቸው ከተፋቁ ሹለቱ ልክ ነው። ከላይ ብቻ ወይም ከታች ብቻ ከተፋቁ ሻጩ ምንም ቢልዎ አይግዙት። እኔም ብሆን።

ስምንት ዓመት የነዳሁ

ቶርኖ ቤት ባሉት መሠረት የእኔን ታይሮድ ፍቄ በነጭ ጋዝና በጠመኔ ፈተንኩት። ምንም መስመር አልወጣም። ታዲያ ልተማመንበት እችላለሁ ማለት ነው?

ቶርኖ ቤት

አልዋሽዎትም፤ አይችሉም። ያ ፍተሻ የሚያሳየው እስከ ውጭ ድረስ የተከፈተ ስንጥቅ ብቻ ነው። የእርስዎ ታይሮድ ደግሞ ከላዩ ቧንቧ ለብሷል፤ ስንጥቅ ቢኖር የሚጀምረው ከቧንቧው ሥር ነው፣ እዚያ ደግሞ ጠመኔ አይደርስም። መስመር መውጣቱ ዕቃው መጥፎ መሆኑን ያረጋግጣል፤ አለመውጣቱ ግን ደኅና መሆኑን አያረጋግጥም። ስምንት ዓመት ያገለገለዎትን ነገር መተው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን እባክዎ ይቀይሩት።

ስምንት ዓመት የነዳሁ

እሺ፣ ተቀብያለሁ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዤ ለመግዛት እሄዳለሁ።

የደብረ ብርሃን ጫኝ

አዲሱን ድራግ ሊንክ አግኝቻለሁ፤ ርዝመቱ ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ነው። የድሮው አርም ቀዳዳ አፉ ላይ ሰፍቶ ስለተገኘ፣ በማርከሩ ፈትሼ ካልተነካ መኪና የወጣ ያገለገለ አርም ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት የምጠነቀቅበትን ንገሩኝ።

የሐዋሳ መካኒክ

በመጀመሪያ ሳጥኑን መሐሉ ላይ አድርገው፤ ከጫፍ ሁለት ዙር ከሦስት ሩብ ቆጥረህ አቁም። ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ። ድራግ ሊንኩ በዚህ ሁኔታ ሳይጎተትና ሳይገፋ በራሱ ሊገባ ይገባል፤ ካልገባ አቁምና እንደገና ለካ እንጂ ሳጥኑን አዙረህ አታስገባው። የመሪውን ክብ በመጨረሻ ነቅለህ ቀጥ አድርገህ ግጠም።

ሾጣጣው ፒንና ቀዳዳው ደረቅና ንጹሕ ይሁኑ፤ ግራሶ ለኳሱ እንጂ ለሹለቱ አይቀባም። ባለ ጥርሱን ዳዶ በአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ልክ አጥብቀው፤ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚገባው ቀጭን ፒን) ቀዳዳ ከጥርሱ ጋር ካልገጠመ ወደ ፊት ትንሽ ጨምረህ አጥብቅ እንጂ በፍጹም ወደ ኋላ አታላላ። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን።

ያቺን ማስተካከያ ቡሎን ሳጥኑ መሐሉ ላይ ሆኖ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህን ግን ሳጥን የሚያውቅ ሰው ያድርግልህ። ማስቆሚያ ቡሎኖቹንም ተመልከት፤ በሁለቱም ጎን ሳጥኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት እግሩ ቡሎኑን ይንካ። የጎማዎቹ የፊት መጠጋጋት የሚወሰነው በታይሮዱ ስለሆነ በዚህ ሥራ አይለወጥም፤ ግን ሁሉም በእጅህ ሳለ ፔርኖውን (እግሩ የሚዞርበትን ወፍራም ፒን) እና ቦኮላውንም (ፔርኖው የሚቀመጥበትን ቀለበት) ፈትሽ።

የደብረ ብርሃን ጫኝ

ሥራው አልቋል። ድራግ ሊንኩ በእጄ ብቻ ገባ፤ መዶሻ አላስፈለገውም። የሳጥኑን ማስተካከያ አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ አስተካከለልኝ፤ በግራ በኩል የነበረው ቦኮላ ላልቶ ስለተገኘ እርሱም ተቀየረ። አሁን መሪው ከቀጥታ ተነሥቶ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይዞራል። ትናንት ባዶውን፣ ዛሬ ደግሞ በግማሽ ጭነት ጣርማ በርን ወጣሁ፤ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ኩርባ ላይ ወደ ኋላ ሳልመልስ አለፍኩ፤ ከኩርባው ስወጣም መሪው በመዳፌ ውስጥ እየተንሸራተተ በራሱ ተመለሰ። ከገዛሁት ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

አሮጌውን ድራግ ሊንክ ማንም አንሥቶ እንዳይሸጠው በማሰብ በመጋዝ ሦስት ቦታ አስቆረጥኩት። አንደኛው ቁርጥ ያለፈው በብየዳው መሐል ነው። ድራግ ሊንኩ ራሱ ቧንቧ ነው፤ ግድግዳው 6 ሚሊሜትር ውፍረት ሲኖረው ብየዳው የያዘው የላይኛውን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ሁለቱ ብረቶች ሳይገናኙ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፣ በመካከላቸውም ዝገት ገብቷል።